ቫይራል ሎዱ ከፍ ብሎ ሲመጣ

የስድስት ወር መድኃኒትዎን ተቀብለው ሊወጡ ነበር የመጡት። ነርሷ ካርድዎን ገለጥ አድርጋ አየችና «እስቲ ትንሽ ቁጭ ይበሉ» አለች። ካርዱ ውስጥ ያለችው ብጣሽ ወረቀት 18,400 ትላለች። አምና እዚያው ቦታ ላይ የተጻፈው «አይታይም» ነበር።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ወንበር ለሚነሳ ሰው ነው። እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ፣ በኤች አይ ቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍል አማካሪነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ያቺን የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለ የቫይረስ መጠን) ቁጥር ሲሰማ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ «ከእኔ ጋር አልተስማማም» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል፣ ወይ «ዛሬውኑ ቀይሩልኝ» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም አይረቡም። ቁጥሩ የሚናገረው ቫይረሱ ደም ውስጥ እየተባዛ መሆኑን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አይናገርም። ለምኑን ማወቅ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ አብዛኛው ሥራም የእርስዎ ነው።

ዛሬ ማታም ይዋጡ

ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶ ቢሆን እንኳ መዋጥዎን አያቋርጡ። በአንዷ ክኒን ውስጥ ያሉት ሦስት መድኃኒቶች ናቸው፤ አንዱ ቢረታ ሌሎቹ ይሠሩ ይሆናል። የተረታውም ቢሆን ከንቱ አይሆንም። ከሦስቱ አንዱን፣ ላሚቩዲንን፣ የተላመደ ቫይረስ ለምሳሌ መላመዱ ራሱ ያደክመዋል፤ እንደ ጥንቱ በፍጥነት መባዛት አይችልም። መድኃኒቱ ሲቆም ግን የጥንቱ ጉልበተኛ ቫይረስ ተመልሶ ደሙን ይሞላዋል፣ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር (ሲዲ4) ይወርዳል።

ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ያለበት ሰው ሲያቆም ደግሞ ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። ክኒኑ ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የጉበቱንም ቫይረስ ይዘው የሚያቆዩ ስለሆኑ በድንገት ሲቋረጡ ጉበት ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ አሁን ይጠይቁ፤ ወደፊት መድኃኒት ሲቀየርልዎም የሚያስፈልግ መረጃ ነው።

ስለ ጸበልም እዚሁ ላንሳው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ከፍ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ሰው ክኒኑን ትቶ ለጸበል እንጦጦ ይወጣ የነበረበትን ዘመን የምናስታውስ አለን። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ሱባኤ ከገቡ ክኒኑን ይዘው ይግቡ። ለምን ያህል ቀን እንደሚቆዩ ቀድመው ይቁጠሩና ለመመለሻው የሚሆን ትርፍ ይያዙ።

ከቁጥሩ በፊት ቀኑን ይዩ

ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀኖች አሉ፤ ደም የተቀዳበትና ውጤቱ የወጣበት። እርስዎን የሚመለከተው የመጀመሪያው ነው። ናሙናው ከጤና ጣቢያው ወደ ላብራቶሪ ተጉዞ ውጤቱ ተመልሶ ካርድዎ ውስጥ እስኪገባ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያልፋሉ። ደም በተቀዱበት ሰሞን ምን ይሠሩ ነበር? ለቅሶ አገር ቤት ሄደው ሁለት ሳምንት ሰንብተው ነበር? ቤት ለቀው ነበር? መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት አልቆብዎት ነበር? ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ፣ በኋላም አማራ ክልል ውስጥ፣ ያለ ጥፋታቸው መድኃኒት የተቋረጠባቸው ሰዎች አሉ። ይህን ለሐኪም መንገር ሰበብ ማብዛት አይደለም፤ የምርመራው አንድ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ50 ኮፒ በታች ከሆነ መድኃኒቱ በደንብ ይዞታል ማለት ነው። ከ50 እስከ 1,000 ያለው መጠራጠሪያ ቦታ ነው፦ አንዳንዴ በሌላ ሕመም ሳቢያ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነው፣ አንዳንዴም የችግሩ መጀመሪያ ነው፤ ስለዚህ ምክር ይሰጥዎታል፣ ምርመራውም ይደገማል። ከ1,000 በላይ ሲሆን መድኃኒቱ አልሠራ ይሆናል ተብሎ ክትትሉ ይጠብቃል፣ የስድስት ወሩ ቀጠሮም ቀርቶ በየወሩ መምጣት ይጀምራሉ። ብዙዎች ይህን እንደ ቅጣት ያዩታል። የታክሲውን ወጪና ከሥራ መቅረቱን ስለማውቅ አልፈርድባቸውም፤ ግን ሦስት ወር ነው።

ግማሽ እርማት

ስንዴ ያረመ ሰው የሚከተለውን ያለ አስተማሪ ይረዳል። እንክርዳድ ቡቃያ ሳለ ስንዴ ይመስላል። አራሚው የሚለየውን አረም ይነቅላል፣ የሚመስለው ያመልጠዋል። ያመለጠው ያፈራል፣ አብሮ ይወቃል፣ ከዘሩ ጋር ተቀላቅሎ ለከርሞ ተመልሶ ይዘራል።

ቫይረሱ ሕክምና በሌለበት ሰውነት ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ያወጣል፤ ሲገለበጥም ይሳሳታል። ከስህተቶቹ አንዳንዱ መድኃኒቱ ሊይዘው የማይችለውን ቅርጽ ይሰጠዋል። ደም ውስጥ በቂ መድኃኒት ካለ መባዛት ስለማይችል የመሳሳት ዕድል አያገኝም። መድኃኒቱ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የሚላመደው ነገር የለም። አደጋው መሐሉ ላይ ነው፦ ሦስት ቀን ተውጦ ሁለት ቀን ሲተው፣ ወይም ተውጦ ሆድ ውስጥ በሌላ ነገር ታስሮ ወደ ደም ሳይገባ ሲቀር። ግማሽ እርማት ማለት ይህ ነው።

አንዴ የተላመደ ቫይረስ ደግሞ ሴሎች ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ምርመራ ላይ ባይታይም የለም ማለት አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመት ያቋረጡት መድኃኒት ዛሬ ሐኪሙ ለሚያደርገው ምርጫ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ሦስቱ ወራት

በየወሩ ከአማካሪ ጋር የሚቀመጡበት ጊዜ «የተጠናከረ የቁርኝት ምክር» ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ የሚጠየቁት ቀላል ነው፦ ክኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት? በዚህ ጥያቄ ላይ ሰው ይዋሻል። የሚዋሸውም እኛ ስለምናስዋሸው ነው።

አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በየቀጠሮዋ ብልቃጧን አምጥታ እቆጥርላት ነበር፤ አንድም ክኒን ተርፎ አያውቅም። «ጎበዝ» እላታለሁ። ቫይራል ሎዷ ከ60,000 በላይ ሆኖ መጣ። በሦስተኛው ምክር ላይ ብልቃጡን ከፍታ አሳየችኝ፤ ክኒኖቹ ሲንቀሳቀሱ እንዳይንኮሻኮሹ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። የምትተኛው ከአሠሪዋ ልጆች ጋር ነው፣ መዋጥ የምትችለው ሁሉም ሲወጡ ብቻ ነው። የሚወጡት ደግሞ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ነው። ያልዋጠችውን ከቀጠሮዋ ዋዜማ ቆጥራ ሽንት ቤት ትደፋዋለች፤ እኔ ጋ ስትመጣ ልክ እንዲሆን። ሁለት ዓመት ሙሉ የቆጠርኩት ክኒን ሳይሆን ፍርሃቷን ነበር። እንደ ፖሊስ ባልቆጥር ኖሮ በመጀመሪያው ወር ትነግረኝ ነበር።

ስለዚህ አማካሪው ቢቆጣም እውነቱን ይንገሩት። «በሳምንት ሁለት ቀን ያመልጠኛል» ያለ ሰው መፍትሔ ሊገኝለት ይችላል። «አንድም ቀን አላመለጠኝም» ላለ ሰው የሚቀረው መንገድ መድኃኒት መቀየር ነው፤ ችግሩ ሳይፈታ የተቀየረው መድኃኒትም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ለዚያች ልጅ የተገኘው ዘዴ ተራ ነበር፦ የሳምንቱን ሰባት ክኒን በወረቀት ጠቅልላ ገበያ በምትሄድበት ቦርሳ ውስጥ ያዘች፣ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ መንገድ ላይ መዋጥ ጀመረች። ዳቦ በየቀኑ ይገዛል።

ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ክኒኑን ከሰዓት ጋር ሳይሆን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ይሰሩት። ጅቡቲ መስመር ላይ የሚሠራ የከባድ መኪና ሾፌር «ማታ 3 ሰዓት» ነበር የተባለው። ማታ 3 ሰዓት ላይ አንዳንዴ እየነዳ ነው፣ አንዳንዴ ተኝቷል፣ አንዳንዴ ወረፋ ላይ ቆሞ ጫት ይዟል። ብልቃጡን ከጋቢናው ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጠው ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም ነበር። የአፋር ፀሐይ ያቃጠለው መድኃኒት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ክኒኑ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያደርገውን ስጠይቀው ጎማዎቹን በብረት እየመታ እንደሚያይ ነገረኝ። ከጎማው በፊት ክኒን ተባባልን። ብልቃጡም ከጋቢናው ወጥቶ ከልብሱ ሻንጣ ውስጥ ገባ።

ብዙ ሰዎች ሳያውቁ ክኒን የሚያመልጣቸው በሌሎች ምክንያቶችም ነው። «በባዶ ሆድ አይዋጥም» የሚለው ዋነኛው ነው። አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን የያዘው መድኃኒት ያለ ምግብም ይዋጣል። ምግብ ያጡበት ቀን ክኒኑንም የሚተዉበት ቀን መሆን የለበትም። ጾም ላይ ያሉም እንደዚያው፤ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ከጾም በኋላ፣ ረመዳን ላይ በአፍጥር ወይም በሱሁር ሰዓት መውሰድ ይቻላል። ዋናው ነገር ሰዓቱ ለጾሙ ጊዜ ተወስኖ በየቀኑ ያው መሆኑ ነው።

ረስተው ቢያድሩ እንዳስታወሱ ይዋጡ። የሚቀጥለው ሊደርስ ትንሽ ከቀረው ግን ያለፈውን ይተዉት፤ ሁለት በአንዴ አይውሰዱ።

መጠጥ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «ምን ያደርግልኛል» የሚል ስሜት፦ እነዚህም ለአማካሪው የሚነገሩ ናቸው። ዶሉቴግራቪር ራሱ አንዳንድ ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል። ማታ የሚወስዱት ከሆነና እንቅልፍ ካጡ ወደ ጠዋት ማዞር ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ በዚህች ትንሽ ነገር የተነሳ መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ኪስዎን ያራግፉ

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ አድርገው ይዘው ይምጡ፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዙትን፣ ከጎረቤት የወሰዱትን፣ የባህል መድኃኒቱንም። በጊዜው የሚዋጥ መድኃኒትም በሌላ መድኃኒት ሊከሽፍ ይችላል።

በእኛ አገር ግንባር ቀደሙ የጨጓራ መድኃኒት ነው። ጨጓራ የማያመው ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ መድኃኒቱም እንደ ከረሜላ ይገዛል። የሚታኘከው ክኒንና ነጩ ሽሮፕ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም አለባቸው፤ እነዚህ ዶሉቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ዶሉቴግራቪርን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ቆይተው ይውሰዱ። ኦሜፕራዞል ግን ዶሉቴግራቪርን አይነካውም። ሁለተኛ መስመር (የመጀመሪያው ሳይዝ ሲቀር የሚሰጠው ሕክምና) ላይ ያለውን አታዛናቪርን በተቃራኒው ያበላሸዋል። ስለዚህ «የጨጓራ መድኃኒት እወስዳለሁ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የትኛውን?

ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው አይረንም፣ ካልሲየምም ከዶሉቴግራቪር ጋር ይያያዛል። አብረው ሊወሰዱ የሚችሉት ከምግብ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ያለ ምግብ ከሆነ የ2 እና የ6 ሰዓቱ ሕግ ይሠራል። ቁርስ ሳትበላ ሁለቱንም በአንድ ብርጭቆ ውኃ ጎንጨት አድርጋ ወደ ሥራ የምትሮጥ እናት ምንም ሳትረሳ ቫይራል ሎዷ ከፍ ሊል ይችላል።

የቲቢ ሕክምና ከጀመሩ ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪርን ቶሎ ከሰውነት ስለሚያስወጣው ከመጀመሪያው ክኒን 12 ሰዓት ቆይቶ የሚዋጥ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ይታዘዝልዎታል። ያቺን ሁለተኛ ክኒን ማንም ካልነገረዎት ይጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ካርባማዜፒን፣ ተመሳሳይ ጠባይ አለው። የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዶሉቴግራቪር የሜትፎርሚንን መጠን ደም ውስጥ ስለሚጨምረው በቀን ከ1,000 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል።

ድጋሚ ምርመራው

ሦስት ወር በትክክል ከወሰዱ በኋላ ደም እንደገና ይቀዳል። 18,400 የነበረው ከ50 በታች ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ያልሠራው አወሳሰዱ ነበር። 600 ቢሆንም በተስፋ ይዩት፤ ሠላሳ እጥፍ ወርዷል፣ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል። ከ1,000 በላይ ሆኖ ከተመለሰ ነው የመቀየር ጉዳይ የሚነሳው።

ሦስቱ ወር አምስት ስድስት ወር እንዳይሆን ግን ይጠንቀቁ። ውጤት ካርድ ውስጥ ተቀምጦ የሚረሳበት፣ ናሙና የሚበላሽበት፣ «ሐኪሙ ዛሬ የለም» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። በሠራሁበት ቦታ እንኳ የአንዲት እናት ሁለተኛ ውጤት ሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ገብቶ አራት ወር ቆይቷል። ደም የተቀዱበትን ቀን ስልክዎ ላይ ይጻፉ። ወር ሲሆነው ደውለው ወይም ሄደው «የቫይራል ሎድ ውጤቴ መጣ?» ይበሉ። የሚያፍሩበት ጥያቄ አይደለም።

ተላምዶ ይሆን?

እዚህ ላይ በየትኛው መድኃኒት ላይ እንደነበሩ ልዩነት ያመጣል። ሕክምናው በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር የነበሩት ኔቪራፒንና ኢፋቪሬንዝ በቀላሉ የሚረቱ ነበሩ፤ በቫይረሱ ላይ አንዲት ለውጥ ብቻ ትበቃቸው ነበር። ዶሉቴግራቪር እንደዚያ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት አገራችን ወደ እሱ የዞረችውም አንድም ለዚህ ነው። በእሱ ላይ ሆኖ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አወሳሰድ ነው።

ይህ ማለት ግን አይላመድም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ዶሉቴግራቪርን የተላመደ ቫይረስ በተለያዩ ጥናቶች ከ3.9 እስከ 8.6 በመቶ ተገኝቷል። ቫይራል ሎዳቸው ከፍ እንዳለ ወደ ዶሉቴግራቪር በተዛወሩ ነባር ታካሚዎች ላይ ደግሞ 19.6 በመቶ ደርሷል። ከድሮው መድኃኒት የተዛወሩት ሳይመረመሩ ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ያስታውሱት።

መላመዱን በእርግጠኝነት የሚያሳየው የቫይረሱ የዘረመል ምርመራ ነው። በአገራችን በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም፤ በአብዛኛው ሁለተኛ መስመር እንቢ ላላቸው ሰዎች ነው የሚታሰበው። ዕድሉን ካገኙ ሁለት ነገር ይወቁ። ቫይራል ሎዱ በጣም ዝቅ ካለ ምርመራው አይሠራም። ሁለተኛ፣ ደም የሚቀዳው መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳለ መሆን አለበት። ካቋረጡ በኋላ የጥንቱ ቫይረስ ደሙን ስለሚሞላው የተላመደው ከሥሩ ይደበቃል፤ ወረቀቱ «ምንም የለም» ይላል፣ እሱን አምኖ የታዘዘው መድኃኒትም ይከሽፋል።

ያለ ምርመራው የሚደረገው ውሳኔም በጭፍን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣው ናዲያ የተባለ ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የመጀመሪያው መስመር ያልያዛቸውን 464 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ቴኖፎቪርን የተላመደ ቫይረስ የተገኘባቸው ሰዎች እንኳ ቴኖፎቪርን ይዘው ሲቀጥሉ፣ አብሮት ጠንካራ መድኃኒት እስካለ ድረስ ብዙዎቹ ተሻሽለዋል። ስለዚህ አዲሱ ቅይጥ ውስጥ የድሮ መድኃኒት ስም ቢያዩ «ያንኑ ሰጡኝ» ብለው አይበሳጩ።

ሁለተኛ መስመር

«ከዚህ በኋላ ሌላ የለም ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እውነት አይደለም፤ ሦስተኛ መስመርም አለ፣ ዳሩናቪርን የመሰለ መድኃኒት ያለበት። ነገር ግን ወደፊት በሄዱ ቁጥር ክኒኑ ይበዛል፣ የሚገኝበትም ቦታ ይርቃል።

ከዶሉቴግራቪር ወደ ሁለተኛ መስመር የሚሻገር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በሪቶናቪር የታገዘ አታዛናቪር ወይም ሎፒናቪር ነው። አብረውት የሚሰጡት ደግሞ ዚዶቩዲንና ላሚቩዲን ሊሆኑ ይችላሉ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ቴኖፎቪሩ እንዳይወጣበት ማሳሰብ አለበት።

አታዛናቪር የሚዋጠው ከምግብ ጋር ነው። በባዶ ሆድ ይዋጣል ያልኩት የዶሉቴግራቪር ነገር እዚህ አይሠራም፤ ጿሚዎች የሚበሉበትን ሰዓት ይምረጡለት። አንዳንድ ሰው ላይ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል። በአብዛኛው ጉበት ስለተጎዳ አይደለም፣ ግን ጎረቤት ሁሉ «ወፍ በሽታ ነው» ይላል፣ ሰውም ደንግጦ ያቆማል። ሳያቆሙ ሄደው ይታዩ። ሎፒናቪር ተቅማጥ ያመጣል። ዚዶቩዲን ጠዋትና ማታ ይወሰዳል፣ ደምም ሊያሳንስ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ወራት የደም መጠን ይታያል። ደረጃ ሲወጡ ካለከለከዎት፣ ልብዎ ድው ድው ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሪቶናቪር ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጣላል፤ ከሪፋምፒሲን ጋር አታዛናቪር አይሰጥም። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትጠቀም ሴትም ዓይነቱን ትናገር።

ከተቀየረ በኋላ ቀጣዩ ቫይራል ሎድ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ወር ነው።

ቁጥሩ እስኪወርድ

ቫይረሱ በደሙ «አይታይም» የተባለ ሰው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። ያ ዋስትና አሁን ለጊዜው ተነሥቷል። ኮንዶም ይጠቀሙ። የትዳር ጓደኛዎ ነፃ ከሆነ ቅድመ መከላከያ ክኒን በአገራችንም ለእንደነዚህ ዓይነት ጥንዶች ስለሚሰጥ አብራችሁ ጠይቁ። እርጉዝ ወይም አጥቢ ከሆኑ ውጤቱን በሰሙበት ቀን ለሐኪሙ ይናገሩ፤ ለእርስዎ ሦስት ወር መጠበቅ ረጅም ነው፣ ለሕፃኑም የሚሰጠው መከላከያ ይጠናከራል።

ሲዲ4 እንዲሠራልዎት ይጠይቁ። ከ200 በታች ከሆነ ሌሎች ሕመሞችን የሚከላከለው ኮትሪሞክሳዞል እንደገና ይጀመር ይሆናል። ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ካለ በተቀጠሩበት ቀን ሳይሆን በዚያው ሳምንት ይሂዱ።

የታመመው ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያውጡት። ልጅ ያድጋል፣ የመድኃኒቱ መጠን ግን ካልታረመ እዚያው ይቀራል፤ አምና በቂ የነበረው ዘንድሮ ግማሽ ነው። አሥራዎቹ ውስጥ ከገባ ደግሞ የሚውጠው ለምን እንደሆነ ያውቃል? «የሳምባ ነው» ተብሎ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ሳምባዬ ድኗል ብሎ ይተወዋል። በምን ቃል እንደሚነገረው ከአማካሪው ጋር ተዘጋጅተው ይንገሩት።

አንድ ገጽ ወረቀት

በእጅዎ የሚይዙት አንድ ወረቀት ያዘጋጁ። የወሰዷቸው መድኃኒቶች ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለምን እንደተቀየሩ፦ ፊት የሚያጎድለው ስታቩዲን ላይ የነበሩ ከሆነ እሱም ይግባ። ያቋረጡባቸው ወራት፣ የቫይራል ሎድና የሲዲ4 ውጤቶች ከነቀናቸው፣ ሄፓታይተስ ቢ። ካርዱ ይጠፋል፣ ጤና ጣቢያው ይቃጠላል፣ እርስዎም አገር ይቀይራሉ።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚመጣን ሰው ኤች አይ ቪ ይመረምራሉ፣ የተገኘበትንም ይመልሳሉ፤ ስለዚህ እዚያ ተደብቆ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው አለ። ሲመለስ ስንት ወር እንዳቋረጠ ካልተናገረ ሐኪሙ በተሳሳተ ስሌት ይጀምራል። አሜሪካ የደረሰ ሰው ደግሞ ከ200 ኮፒ በላይ ሲሆን ነው መድኃኒቱ አልያዘም የሚባለው፣ የዘረመል ምርመራም ገና ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ይሠራለታል። ብዙ መድኃኒት ለተላመደ ቫይረስ እንደ ሌናካፓቪር ያለ በስድስት ወር አንዴ የሚወጋ መድኃኒትም፣ ከሌሎች ጋር ተዳምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እዚያ ተፈቅዷል። ያም ሆኖ የዋሽንግተኑ ሐኪም የአዲስ አበባውን ታሪክ ከወረቀትዎ ካልሆነ ከየትም አያገኘውም። ከመሄድዎ በፊት የማዘዋወሪያ ወረቀት ያስጽፉ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ ዋናውን ከፓስፖርትዎ ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ክኒኖቹንም ጭነት ላይ አይስጡ።